«የለም» እና «አልተገኘም»፦ ስለ ፖስትግሬስኪውኤል የችግር መልእክቶች ቋንቋና ስለ አማርኛ አቻዎቻቸው

የሙያ ቃል ዋጋው የሚለካው በመዝገበ ቃላት ገጽ ላይ በሚኖረው ውበት አይደለም፤ አንድ ሰው ሥራ ላይ እንዳለ፣ ይልቁንም ችግር በገጠመው ሰዓት፣ ቃሉን አንብቦ ማድረግ ያለበትንና የሌለበትን ለይቶ ለማወቅ በመቻሉ ነው። በዚህ ሚዛን ሲመዘን የኮምፒዩተር ፕሮግራሞች የሚሰጧቸው የችግር መልእክቶች ለቃላት ጥናት ሰፊ መስክ ናቸው። መልእክቶቹ አጫጭር ናቸው፤ የሚነበቡት በጭንቀት ነው፤ በተሳሳተ መንገድ ከተተረጐሙም ጉዳታቸው በወረቀት ላይ ብቻ አይቀርም።

በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው ፖስትግሬስኪውኤል የተባለውን የመረጃ ቋት ሥርዐት ነው። የሥርዐቱ መነሻ እ.ኤ.አ. በ1986 በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ፣ በርክሊ፣ በማይክል ስቶንብሬከር መሪነት የተጀመረው «ፖስትግሬስ» የተባለ የምርምር ሥራ ሲሆን፣ አሁን የሚጠራበትን ስም ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1996 ነው። የፕሮግራሙ ጽሑፍ ለማንም ክፍት ስለ ሆነ መልእክቶቹን ማንም ሊያነባቸው፣ ሊተቻቸውና በሌላ ቋንቋ ሊተረጕማቸው ይችላል። ከዚህም በላይ መልእክቶች እንዴት ባለ ቋንቋ መጻፍ እንዳለባቸው የሚወስን የአጻጻፍ ደንብ አለው። ስለዚህ ትችታችን ሁለት ወገን ይኖረዋል፤ አንደኛው በእንግሊዝኛው አሰያየም ላይ ያተኩራል፤ ሁለተኛው ደግሞ ቃል በቃል የሚሄድ አማርኛ ተርጓሚ የሚወድቅባቸውን ቦታዎች ያመለክታል።

1. የተጠቃሚው አቤቱታና የመሣሪያው መልስ

አማርኛ ተናጋሪ አንድ መሣሪያ ሳይሠራለት ሲቀር «አልሠራ አለኝ»፣ «አልከፈት አለኝ»፣ «አላስገባ አለኝ» ይላል። በዚህ አነጋገር በመጀመሪያ መደብ የቆመ አሉታዊ ግስ «አለ» ከሚለው ግስ ጋር ተጣምሮ፣ መሣሪያው እንደ ሰው አፍ አውጥቶ እምቢ ያለ ያስመስለዋል። አነጋገሩ ለጨዋታ የተመቸ ነው፤ ችግርን ለይቶ ለማወቅ ግን አይረዳም፤ ምክንያቱም እምቢታውን እንጂ የእምቢታውን ምክንያት አይናገርም።

«የመረጃ ቋቱ አላስገባ አለኝ» የሚለውን አቤቱታ እንውሰድ። ፖስትግሬስኪውኤል ለዚህ አንድ አቤቱታ ቢያንስ አራት ልዩ ልዩ መልሶች አሉት። የመጀመሪያው ግንኙነቱ ተቀባይ እንዳጣ ይገልጽና አገልጋዩ በተባለው አድራሻ ሥራ ላይ ስለ መሆኑ ይጠይቃል። ሁለተኛው የይለፍ ቃሉ ማረጋገጫ አለመሳካቱን ይናገራል። ሦስተኛው ይቅርታ ጠይቆ ደንበኞች ከልክ በላይ መሆናቸውን ያስታውቃል፤ ልዩ ትእዛዝ ካልተሰጠ በቀር የግንኙነቶች ጣሪያ 100 ነውና። አራተኛው በዚያ ስም የሚጠራ የመረጃ ቋት እንደሌለ ይገልጻል። ደጅ ለቆመ እንግዳ ብንመስለው፣ በመጀመሪያው ቤት የሚከፍት ሰው የለም፤ በሁለተኛው ከፋቹ እንግዳውን አላመነውም፤ በሦስተኛው ቤቱ ሞልቷል፤ በአራተኛው እንግዳው የሚጠራው ቤት በሰፈሩ የለም። መድኀኒታቸውም እንደዚሁ የተለያየ ነው። ይለፍ ቃል መለወጥ የሞላ ቤት አያስገባም፤ አገልጋዩን አጥፍቶ ማስነሣትም የተሳሳተ ስም አያቃናም።

ስለዚህ ተርጓሚው አራቱን መልሶች «መግባት አልተቻለም» በሚል አንድ ዐረፍተ ነገር ቢያጠቃልላቸው፣ መሣሪያው የለየውን መልሶ ያደበላልቀዋል። ሥርዐቱ ከመልእክቱ ጋር አምስት ቁምፊዎች ያሉት መለያ መስጠቱ እዚህ ላይ ይጠቅማል። ለምሳሌ 53300 የግንኙነት ብዛትን፣ 23505 ደግሞ ነጠላ መሆን የሚገባው መረጃ መደገሙን ያመለክታል። መልእክቱ በየትኛውም ቋንቋ ቢጻፍ ይህ መለያ አይለወጥም። በአማርኛ የተጻፈ መልእክት የደረሰው ሰው ከሌላ አገር ባለሙያ ጋር ሊነጋገር የሚችለው በዚህ ድልድይ ነውና፣ ትርጕሙ መለያውን ከዐይን እንዳያርቅ እናሳስባለን።

2. ስለ ክብደት ደረጃዎች

ሥርዐቱ መልእክቶቹን በክብደት ይመድባል። ከመካከላቸው ተጠቃሚን አብዝተው የሚያስደነግጡት «ኤረር»፣ «ፌታል» እና «ፓኒክ» የሚባሉት ሦስቱ ናቸው። በተለመደው መዝገበ ቃላት ብንሄድ «ስሕተት»፣ «ገዳይ» እና «ድንጋጤ» ይሆናሉ። ሦስቱም አይመጥኑም።

የይለፍ ቃሉን አንድ ፊደል የሳተ ሰው «ፌታል» የሚል መልእክት ይደርሰዋል። የሞተ ነገር የለም፤ የጠፋ መረጃም የለም። በሥርዐቱ ትርጓሜ «ፌታል» ማለት የዚያ ተጠቃሚ ግንኙነት ተቋረጠ ማለት ብቻ ነው። «ኤረር» የተሰጠውን ትእዛዝ ያቋርጣል፤ «ፓኒክ» ግን የሁሉንም ተጠቃሚዎች ግንኙነት ያቋርጣል። እንግዲህ ልዩነቱ የተቋረጠው ነገር ስፋት ነው። የእንግሊዝኛው ስያሜዎች ይህን ስፋት አይናገሩም፤ ፍርሃትን በሦስት ደረጃ ይደረድራሉ እንጂ። ይህን ጉድለት ወደ አማርኛ ይዘን መግባት የለብንም። «ትእዛዙ ተቋረጠ»፣ «ግንኙነቱ ተቋረጠ»፣ «ግንኙነቶች ሁሉ ተቋረጡ» ብንል አንዱ ግስ በሦስት ባለቤቶች ደረጃውን በግልጽ ያሳያል፤ አንባቢውም ከመደንገጡ በፊት ምን ያህል መደንገጥ እንደሚገባው ያውቃል።

«ስሕተት» የሚለው ቃል ሌላም ችግር አለው። በአማርኛ ስሕተት የሚሠራ ሰው አለ፤ ቃሉ ሲነገር ጣት የሚጠቁምበት ይፈለጋል። ነገር ግን ዲስክ ሞልቶ ትእዛዝ ሲቋረጥ የሳተ የለም። ስለዚህ ሰው የሠራውን «ስሕተት»፣ በፕሮግራሙ አሠራር ውስጥ ያለውን «እንከን»፣ የመሣሪያውን መሰበር «ብልሽት»፣ ለጊዜው ሥራን የሚያግደውን ደግሞ «እክል» ብለን ብንለይ፣ ቋንቋው ያለውን ሀብት በቦታው ማዋል ይሆናል። አዲስ ቃል መፍጠር አያስፈልግም፤ አራቱም በእጃችን ያሉ ናቸው።

3. ስም ጉዳት ሲያደርስ

የስያሜ ጉዳይ የቃላት አጥኚዎች ቅንጦት ነው ለሚል ሰው ከዚሁ ሥርዐት ታሪክ አንድ ማስረጃ ማቅረብ ይቻላል። ከ10ኛው ዕትም በፊት በፖስትግሬስኪውኤል ውስጥ መጨረሻቸው «ሎግ» የሆነ ሦስት ማኅደሮች ነበሩ፤ «ፒጂ ሎግ»፣ «ፒጂ ኤክስሎግ» እና «ፒጂ ክሎግ»። የመጀመሪያው አገልጋዩ የሚጽፈውን የውሎ ማስታወሻ የያዘ ነው፤ አሮጌው ቢጣል ቋቱን አይጎዳውም። ሁለተኛው ግን ማንኛውም ለውጥ ወደ ዋናው መረጃ ከመግባቱ በፊት የሚመዘገብበት ነው፤ አገልጋዩ በድንገት ቢወድቅ የሚነሣው ይህን አንብቦ ነው። ሦስተኛው የትኛው ትራንዛክሽን እንደ ጸና፣ የትኛው እንደ ፈረሰ የሚያሳይ ነው።

ዲስኩ ሞልቶ አገልጋዩ የቆመበት ሰው ቦታ ለማስለቀቅ ሲፈልግ ትልቅ ሆኖ ያገኘው «ሎግ» የተባለ ማኅደር ነው። «ማስታወሻ ነው» ብሎ ያጠፋዋል። በዚህ መንገድ ሊመለስ የማይችል የመረጃ መጥፋት የደረሰባቸው ተጠቃሚዎች ስለ ነበሩ፣ እ.ኤ.አ. በ2017 በወጣው 10ኛው ዕትም «ፒጂ ኤክስሎግ» «ፒጂ ዋል»፣ «ፒጂ ክሎግ» ደግሞ «ፒጂ ኤክስአክት» ተባሉ፤ ምክንያቱም በዕትሙ መግለጫ ላይ በግልጽ ተጽፏል። ልብ ሊባል የሚገባው አሠራሩ አለመለወጡ ነው፤ መድኀኒቱ ስም መለወጥ ነበር። የቃላት ሥራ መረጃ እንደሚያድን ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አያስፈልግም።

ትምህርቱ ለአማርኛ ምንድን ነው? «ሎግ» የሚለውን በሁሉም ቦታ «መዝገብ» ብንለው እንግሊዝኛው የተወውን ጥፋት እኛ እንደግመዋለን። ከዚህ ይልቅ የአገልጋዩን ዕለታዊ ጽሑፍ «የውሎ ማስታወሻ»፣ ለውጥ ቀድሞ የሚጻፍበትን ደግሞ «ባሕረ መዝገብ» እንድንል እንመክራለን። ባሕረ መዝገብን ቦታ ለማስለቀቅ የሚጥል የጽሕፈት ቤት ሠራተኛ የለም፤ ቃሉ ራሱ ዘብ ይቆማል።

ተመሳሳይ አደጋ «ቫኪዩም» በተባለው ትእዛዝ ላይ አለ። ሥርዐቱ አንድ መሥመር ሲታረም አሮጌውን ቅጂ ወዲያው አያስወግድም፤ ሌላ ሰው ገና እያነበበው ሊሆን ይችላልና። «ቫኪዩም» ለማንም የማይታዩ የሆኑትን የሞቱ ቅጂዎች ያነሣል፤ ሕያው መረጃ አይነካም። መዝገበ ቃላት የሚከተል ተርጓሚ ግን «ባዶ» ከሚለው ተነሥቶ «ባዶ አድርግ» ሊል ይችላል። ባዶ የሚያደርገው ትእዛዝ ሌላ ነው፤ ስሙ «ትራንኬት» ሲሆን የሠንጠረዡን መሥመሮች በሙሉ ያስወግዳል። አንዱን ጠቃሚ ሥራ ሁለተኛውን በሚገልጽ ቃል መጥራት አንባቢውን ወይ ከሚገባው ሥራ ያስፈራዋል፣ ወይም ወደማይገባው ይመራዋል። «ጥረጋ» ቢባል ይበቃል። ቤት ሲጠረግ ጉድፉ ይወጣል፤ ዕቃው በቦታው ይቀራል።

4. የግሱ ጊዜ የሚናገረው

የመልእክት አጻጻፍ ደንቡ ሊመሰገን የሚገባው አንድ አንቀጽ አለው። አንድ ነገር ተሞክሮ ካልተሳካ፣ ነገር ግን ሌላ ጊዜ ሊሳካ የሚችል ከሆነ፣ ግሱ በኀላፊ ጊዜ እንዲጻፍ ያዛል፤ ፈጽሞ የማይሆን ከሆነ ግን በአሁን ጊዜ። አማርኛ ይህን ልዩነት ያለ ምንም ተጨማሪ ቃል ይሸከማል። «ፋይሉን መክፈት አልተቻለም» ስንል በር አልተዘጋም፤ ምክንያቱ ከተወገደ ይከፈታል። «ፋይሉን መክፈት አይቻልም» ስንል ግን ደጋግሞ መሞከር ከንቱ ነው። ሁለቱን ያለ ልዩነት የሚያቀያይር ተርጓሚ ተጠቃሚውን ወይ ተስፋ ያስቆርጠዋል፣ ወይም በከንቱ ያደክመዋል።

ደንቡ እውነታውን ከምክር መለየቱም ተገቢ ነው። ዋናው መልእክት አጭር ይሆናል፤ ተጨማሪው እውነታ በ«ዝርዝር» ሥር፣ መፍትሔ ሊሆን የሚችለው ሐሳብ ደግሞ በ«ጥቆማ» ሥር ይቀመጣል። ጥቆማ ሁልጊዜ ላይሠራ ይችላል። በአማርኛ «አድርግ» ብሎ ማዘዝ ግን ሁለት ችግር ያመጣል፤ አንደኛ ግምቱን ቍርጥ ትእዛዝ ያደርገዋል፤ ሁለተኛ «አንተ»፣ «አንቺ» ወይስ «እርስዎ» የሚል ጥያቄ ያስነሣል፤ መሣሪያው የሚያናግረውን ሰው አያውቅምና። «አገልጋዩ ሥራ ላይ መሆኑ ይጣራ»፣ «የስሙ አጻጻፍ ይታይ» የሚለው የጽሕፈት ቤት አማርኛ ሁለቱንም ችግሮች ያስወግዳል።

ስለ ሰዋስው ካነሣን አንድ ነገር እንጨምር። በመልእክቱ መካከል የሚገባው ስም እንደየጊዜው ይለዋወጣል። «ን» ወይም «ው» ከማይታወቅ ስም ጋር ሲጣበቅ አጻጻፉ ይበላሻል፤ ጾታና ቍጥርም ከግሱ ጋር ይጣላሉ። ለዚህ «የተባለው» የሚለው ቃል ያገለግላል፤ «ደንበኞች የተባለውን ሠንጠረዥ ማንበብ አልተቻለም» ብንል፣ ስሙ ምንም ይሁን ምን፣ ምዕላዱ የሚያርፈው በምናውቀው ቃል ላይ ነው።

5. ዝምድና፣ መጠላለፍ፣ የለም

ኤድጋር ኮድ እ.ኤ.አ. በ1970 ባሳተመው ጽሑፍ «ሪሌሽን» ያለው የሒሳብ ጽንሰ ሐሳብን ነው፤ በተግባር የምናየው ሠንጠረዥ ነው። ስለዚህ አንድ ሠንጠረዥ ሲታጣ የሚወጣውን መልእክት «ዝምድና የለም» ብሎ የሚተረጕም ሰው ቃሉን አግኝቶ ነገሩን ስቷል። ይሁንና ከ«ዝምድና» ይልቅ የሚያሳስበን «የለም» የሚለው ነው። ሠንጠረዡ በሌላ ክፍል ውስጥ ሊኖር ይችላል፤ ሥርዐቱ የፈለገው በታዘዘበት መንገድ ብቻ ነው። ወይም ስሙ ሲፈጠር በጥቅስ ምልክት ውስጥ በትላልቅ የላቲን ፊደላት ተጽፎ ይሆናል፤ ያለ ጥቅስ ሲጠራ ሥርዐቱ ወደ ትንንሽ ፊደላት ስለሚለውጠው አይገናኙም። ነገሩ አለ፤ የተፈለገበት ቦታ ወይም አጠራር ነው የተሳሳተው። መሣሪያው ከሚያውቀው በላይ ተናግሯል። በአማርኛ «የለም» ቍርጥ ነው፤ «ጠፋ» ወደሚል ሥጋት ያደርሳል። «አልተገኘም» ግን ፍለጋ እንደነበረ ያስታውሳል፤ አንባቢውም «የት ተፈለገ?» ብሎ እንዲጠይቅ ያደርገዋል። ጥያቄው ራሱ የመፍትሔው ግማሽ ነው።

«ዴድሎክ» የሚባለውንም «ሙት ቍልፍ» ማለት አይቻልም። ሁለት ሠራተኞች እያንዳንዳቸው ሌላው የያዘውን ሲጠብቁ ሁለቱም ይቆማሉ። አማርኛ ለእንዲህ ያለው የእርስ በርስ ድርጊት የተዘጋጀ የግስ ቅርጽ አለው፤ «መጠላለፍ»። ፖስትግሬስኪውኤል፣ ልዩ ትእዛዝ ካልተሰጠው፣ አንድ ሰከንድ ከጠበቀ በኋላ ጉዳዩን መርምሮ አንዱን ያቋርጣል፤ ሌላው ይቀጥላል። መልእክቱ የሚደርሰው ለተቋረጠው ነው፤ ጥፋተኛው ግን የግድ እርሱ አይደለም። መድኀኒቱ ሥራውን እንደገና መጀመር፣ ለዘለቄታው ደግሞ ሁሉም ቍልፎቹን በአንድ ዐይነት ቅደም ተከተል እንዲይዝ ማድረግ ነው።

«ትራንዛክሽን» የሚለውን ግን ለጊዜው በውሰት እንዲቈይ እንመርጣለን። «ግብይት» ገበያውን ያመጣል፤ እዚህ ግን የተፈለገው ወይ ሁሉም የሚጸና ወይ ሁሉም የሚፈርስ የሥራ ጥቅል ነው። ያልበሰለ አቻ ከመስጠት የተለመደ የውሰት ቃል መጠቀም የቋንቋ ሽንፈት አይደለም።

6. ፊደላችንና «ስሜ ጠፋ»

እስካሁን ያየነው የትርጕም ጉዳይ ነው፤ ከዚህ ቀጥሎ ያለው ከራሳችን ጽሕፈት የሚነሣ ነው። የሠንጠረዥና የዐምድ ስም በፖስትግሬስኪውኤል ውስጥ ከ63 ባይት እንዳያልፍ ተወስኗል። በዩቲኤፍ 8 አጻጻፍ አንድ የላቲን ፊደል 1 ባይት ሲወስድ አንድ የተለመደ የግእዝ ፊደል 3 ባይት ይወስዳል። ስለዚህ የእኛ ድርሻ 21 ፊደል ነው። የቀረው ይቈረጣል፤ ሥርዐቱም ይህን የሚናገረው በእክል መልእክት ሳይሆን በቀላል ማሳሰቢያ ነው። የመጀመሪያዎቹ 21 ፊደሎቻቸው አንድ የሆኑ ሁለት ረጃጅም ስሞች አንድ ስም ይሆናሉ።

ከሁሉ የሚከፋው ግን ምንም መልእክት የማይወጣበት ነው። «ፀሐይ» የሚለው ስም የመጀመሪያ ፊደሉ በሁለት፣ ሁለተኛው ደግሞ በ«ሀ፣ ሃ፣ ሐ፣ ሓ፣ ኀ፣ ኃ» ሊጻፍ ስለሚችል 12 አጻጻፎች አሉት። ለአንባቢ አንድ ናቸው፤ በተለመደው አሠራር ለመረጃ ቋቱ 12 ልዩ ልዩ ስሞች ናቸው። ባለጉዳይዋ መጥታ ስሟ ሲፈለግ የሚወጣው መልስ «ዜሮ መሥመር» ነው፤ ይህም በሥርዐቱ ዘንድ እክል አይደለም። ጸሐፊው «የለሽም» ይላታል፤ እርሷም «ስሜ ጠፋ» ትላለች። ወይም በሌላ አጻጻፍ ዳግመኛ ትመዘገባለች፤ ድግግሞሽን የሚከለክለው 23505 አይነቃም፤ ለእርሱ ስሙ አልተደገመምና። ስለ ሞክሼ ፊደላት የሚደረገው ክርክር እንግዲህ የሥርወ ቃል ክርክር ብቻ አይደለም፤ የአንድን ሰው በመዝገብ መገኘትና አለመገኘት ይወስናል።

መፍትሔው ሰዎችን የስማቸውን አጻጻፍ ማስለወጥ አይደለም። ባለቤቱ የጻፈው በአንድ ዐምድ እንዳለ ይቀመጥ፤ በሌላ ዐምድ ሞክሼዎቹ ወደ አንድ ተጠቃለው ለፍለጋ ብቻ ያገልግሉ። መዝገበ ቃላት «ተመልከት» እያለ ከአንዱ አጻጻፍ ወደ ሌላው እንደሚመራው ማለት ነው። የትኛው ፊደል ወደ የትኛው ይጠቃለል የሚለውን ዝርዝር ማውጣት ግን የፕሮግራም ጸሐፊ ሥራ አይደለም፤ የእኛ የቋንቋ ባለሙያዎች ድርሻ ነው።

የፊደል ቅደም ተከተልም እንዲሁ ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው የጂኤንዩ ሲ ላይብረሪ 2.28ኛ ዕትም የቃላት አደራደር ሕጎቹን በሰፊው ለወጠ። በአሮጌው ሕግ የተሠሩ ማውጫዎች በአዲሱ ሕግ ሲነበቡ ያለውን መሥመር እንደሌለ የሚያሳዩበት ሁኔታ ተፈጠረ። ግማሹ በአበገደ፣ ግማሹ በሀለሐመ የተደረደረ መዝገበ ቃላት ውስጥ ቃል እንደመፈለግ ነው። ማውጫውን እንደገና መሥራት ችግሩን ያስወግዳል፤ የኋለኞቹ ዕትሞችም የአደራደሩ ዕትም መለወጡን ሲያውቁ ማስጠንቀቂያ ይሰጣሉ። «ማስጠንቀቂያ» የሚለው ቃል በዚህ ቦታ በትክክል ውሏል።

7. ማጠቃለያ

ከዚህ በላይ ከቀረበው ለተርጓሚዎች የሚከተለውን እናቀርባለን፦

ሀ) የክብደት ደረጃዎች በተቋረጠው ነገር ስፋት ይሰየሙ፤ «ገዳይ» እና «ድንጋጤ» ይቅሩ።
ለ) «ስሕተት»፣ «እንከን»፣ «ብልሽት» እና «እክል» እየተለዩ ይሥሩ።
ሐ) የሚጣለው «የውሎ ማስታወሻ»፣ የማይነካው «ባሕረ መዝገብ» ይባል፤ «ቫኪዩም» «ጥረጋ»፣ «ዴድሎክ» «መጠላለፍ» ይባሉ።
መ) «አልተቻለም» እና «አይቻልም» በደንቡ መሠረት ይለዩ።
ሠ) መሣሪያው ፈልጎ ያጣውን ሁሉ «የለም» አይበል፤ «አልተገኘም» ይበል።

እነዚህ አቻዎች የመጨረሻ ቃል አይደሉም፤ የተሻለ ያለው ያቅርብ። መመዘኛው ግን አንድ ይሁን፤ ይኸውም ዲስኩ የሞላበት፣ ስሙ ያልተገኘለት ወይም ደጅ የቀረ ሰው መልእክቱን አንብቦ ቀጥሎ የሚያደርገው ነገር ትክክል ይሆናል ወይስ አይሆንም የሚለው ነው።